በሲ ቋንቋ ፈጣንና ከወሰን የማይወጣ የመደርደሪያ ፈንክሽን አጻጻፍ፦ ዝርዝር መመሪያ

እንደ ሲ ባለ ለማሽኑ ቅርብ በሆነ ቋንቋ የመደርደሪያ አልጎሪዝም ሲጻፍ ከፍጥነቱ በፊት መታሰብ ያለበት ነገር አለ፤ ይኸውም ጠባቂ አለመኖሩ ነው። 10 አባላት ያሉትን አሬይ (በሜሞሪ ላይ ተከታትለው የተቀመጡ ዋጋዎች ስብስብ) 11ኛውን አባል ቢጠይቁት ሲ አይከለክልዎትም። ከአሬዩ ቀጥሎ በሜሞሪ ላይ የተቀመጠውን ማንኛውንም ነገር አንብቦ ሊሰጥዎት ይችላል፤ ፕሮግራሙም ባልታሰበ ቦታ ሊወድቅ ይችላል። ከሁሉም የሚከፋው ግን ምንም ምልክት ሳያሳይ የተሳሳተ ውጤት ይዞ መቀጠሉ ነው። ስለዚህ በዚህ መመሪያ ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው የምንከተለው ሥርዓት አንድ ነው፤ አንድ ኢንዴክስ (ከ0 ጀምሮ የሚቆጠር የአባል ቦታ ቁጥር) በተጠቀምን ቁጥር ያ ኢንዴክስ ለምን ከአሬዩ ወሰን ሊወጣ እንደማይችል እንናገራለን፤ መናገር ካልቻልን መስመሩን አንጽፈውም።

የምንሠራው ኩዊክሶርትን፣ ማለትም አሬዩን በአንድ ዋጋ ለሁለት እየከፈለ የሚደረድረውን ዘዴ፣ መሠረት ያደረገ ፈንክሽን ነው። ኩዊክሶርትን ቶኒ ሆር እ.ኤ.አ. በ1959 በሞስኮ ሳለ አስቦት በ1961 አሳትሞታል። አንድ ሚሊዮን የተዘበራረቁ ቁጥሮችን ለመደርደር ኢንሰርሽን ሶርት በአማካይ ወደ 250 ቢሊዮን ንጽጽሮች ሲያስፈልጉት፣ ኩዊክሶርት በ25 ሚሊዮን ገደማ ይጨርሳል። ይሁን እንጂ ኩዊክሶርት ብቻውን ሁለት ድክመቶች አሉት፤ በጣም አጫጭር በሆኑ ክፍሎች ላይ ድካሙ ከጥቅሙ ይበልጣል፣ ዕድል ሲጠምም ደግሞ ሥራው ከአባላቱ ብዛት ካሬ ጋር ያድጋል። ለመጀመሪያው ኢንሰርሽን ሶርትን፣ ለሁለተኛው ሂፕሶርትን እናግዘዋለን። ሦስቱን በዚህ መልክ ያቀናጀውና ኢንትሮሶርት ብሎ የሰየመው ዴቪድ ሙሰር ሲሆን፣ ሥራውን ያቀረበው በ1997 ነው።

ስለ ስሞቹ አስቀድሜ ላስረዳ። ከዚህ በታች ያሉትን የኮድ መስመሮች በአማርኛ እጽፋቸዋለሁ፤ «እስከሆነ ድረስ» የሚለው የዋይል ሉፕ፣ «ከሆነ» የሚለው ኢፍ ነው፤ ወደ ኮምፒውተርዎ ሲገለብጧቸው በሲ ቁልፍ ቃላት ይተኳቸው። የተለዋዋጮቹን ስሞች ግን እንዳሉ በፊደላችን መተው ይቻላል፤ የ2011 የሲ መስፈርት ይህን ይፈቅዳል፣ ኮዱን ወደ ማሽን ቋንቋ የሚቀይረው ኮምፓይለር ጂሲሲም ከ10ኛ ቅጂው ጀምሮ በቀጥታ ይቀበለዋል።

ደረጃ 1፦ ወሰኑን መወሰን

ፈንክሽኖቻችን ሁሉ የ32 ቢት ኢንቲጀሮችን አሬይ «ሀ»ን እና ሁለት ኢንዴክሶችን ይቀበላሉ። «መነሻ» የመጀመሪያው አባል ኢንዴክስ ነው፤ «መድረሻ» ግን የመጨረሻው አባል ሳይሆን ከመጨረሻው አባል ቀጥሎ ያለው ቦታ ነው። ይህ አያያዝ መጀመሪያ ላይ ግር ሊል ይችላል፤ ጥቅሙ ግን ብዙ ነው። የአባላቱ ብዛት በቀጥታ መድረሻ - መነሻ ይሆናል፤ ባዶ አሬይ ማለት ሁለቱ እኩል የሆኑበት ነው፤ አንድን ክፍል ለሁለት ስንከፍልም የግራው መድረሻና የቀኙ መነሻ አንድ ዓይነት ቁጥር ስለሚሆኑ አንድ የመደመርና አንድ የመቀነስ ስሕተት የሚገባበት ቀዳዳ ይጠባል።

የኢንዴክሶቹ ዓይነት ሳይዝ-ቲ ይሁን። ሳይዝ-ቲ አሉታዊ ቁጥር የማያውቅ ዓይነት ሲሆን ማንኛውንም የአሬይ መጠን ሊይዝ ይችላል፤ ነገር ግን ከ0 ላይ 1 ቢቀነስበት -1 አይሆንም፤ በ64 ቢት ማሽን ላይ 18,446,744,073,709,551,615 ይሆናል። ይህን ቁጥር በአእምሮዎ ይያዙት፤ በሂፕሶርት ላይ ይመለስብናል።

ደረጃ 2፦ ኢንሰርሽን ሶርት

ከቀላሉ እንጀምራለን፤ ምክንያቱም ይህ ፈንክሽን በኋላ የትልቁ ፈንክሽን አካል ከመሆኑም በላይ የሌሎቹ መፈተሻ ሚዛን ይሆነናል።

ቀ = መነሻ + 1
ቀ < መድረሻ እስከሆነ ድረስ፦
    የተያዘ = ሀ[ቀ]
    ተ = ቀ
    (ተ > መነሻ) እና (ሀ[ተ - 1] > የተያዘ) እስከሆነ ድረስ፦
        ሀ[ተ] = ሀ[ተ - 1]
        ተ = ተ - 1
    ሀ[ተ] = የተያዘ
    ቀ = ቀ + 1

እዚህ ላይ ጎረቤት አባላትን ደጋግመን አናቀያይርም። አዲሱን አባል በተለዋዋጭ ይዘን ከእርሱ የሚበልጡትን አንድ አንድ ቦታ ወደ ቀኝ ከገፋን በኋላ በተከፈተለት ቦታ አንድ ጊዜ ብቻ እናስቀምጠዋለን፤ በዚህም ወደ ሜሞሪ የሚደረገው ጽሕፈት በእጅጉ ይቀንሳል። የሁለቱ ቅድመ ሁኔታዎች ቅደም ተከተል ደግሞ የምርጫ ጉዳይ አይደለም። በሲ «እና» ከግራ ወደ ቀኝ ይመዘናል፤ ግራው ሐሰት ከሆነ ቀኙ ጭራሽ አይታይም። ስለዚህ ተ ከመነሻ መብለጡ አስቀድሞ ስለሚረጋገጥ ሀ[ተ - 1] ሁልጊዜ በወሰኑ ውስጥ ነው። ቦታቸውን ቢያቀያይሩ ኮዱ ብዙ ጊዜ የሚሠራ ይመስላል፤ ተ 0 ላይ የደረሰ ዕለት ግን ከአሬዩ ውጭ ያነብባል።

ደረጃ 3፦ ፒቮቱን መምረጥ

ፒቮት አሬዩን «ከዚህ የሚያንሱ» እና «ከዚህ የሚበልጡ» ብለን የምንከፍልበት ዋጋ ነው። የመጀመሪያውን አባል ፒቮት ማድረግ ቀላል ነው፤ ሆኖም አስቀድሞ በተደረደረ አሬይ ላይ ክፍፍሉ በእያንዳንዱ ዙር አንድ አባል ብቻ ስለሚነጥል ሥራው ሁሉ ወደ ካሬ ዕድገት ይወርዳል፤ በተግባር የሚያጋጥሙ ዳታዎች ደግሞ ብዙ ጊዜ በከፊል የተደረደሩ ናቸው። ስለዚህ የመጀመሪያውን፣ የመካከለኛውንና የመጨረሻውን አባል አነጻጽረን የሦስቱን መሐለኛ እንወስዳለን።

መካከል = መነሻ + (መድረሻ - መነሻ) / 2

ሁለቱን ደምሮ ለሁለት ማካፈል አጭር ይመስላል። ነገር ግን ድምሩ ከዓይነቱ አቅም ሊያልፍ ይችላል፤ ምልክት ባለው የ32 ቢት ኢንቲጀር ላይ ከ2,147,483,647 ሲያልፍ ማለት ነው፤ ልዩነቱን አካፍሎ መነሻው ላይ መጨመር ግን በምንም ሁኔታ ከመድረሻ አይበልጥም።

ከዚያ ሦስቱን አባላት በቦታቸው እናስተካክላለን። በመጀመሪያ ሀ[መካከል] ከሀ[መነሻ] ካነሰ እናቀያይራቸዋለን፤ ቀጥሎ ሀ[መድረሻ - 1] ከሀ[መካከል] ካነሰ እናቀያይራቸዋለን፤ በመጨረሻም የመጀመሪያውን ንጽጽር እንደግማለን። አሁን ሀ[መነሻ] ከፒቮቱ አይበልጥም፣ ሀ[መድረሻ - 1] ደግሞ ከፒቮቱ አያንስም። ይህ ማስተካከያ ፒቮቱን ከማሻሻሉ በተጨማሪ በሚቀጥለው ደረጃ ለወሰናችን ዘብ የሚቆሙልንን ሁለት አባላት በሁለቱ ጫፍ ያኖርልናል። የሀ[መካከል]ን ዋጋ ወደ «ፒቮት» መቅዳትን አይርሱ፤ ክፍፍሉ ሲጀመር በዚያ ቦታ ያለው አባል ሊነሳ ስለሚችል ኢንዴክሱን ይዞ መቆየት አይበቃም።

ደረጃ 4፦ ክፍፍሉ

የሥራው ልብ እዚህ ነው፤ ስለዚህ ረዘም አድርገን እንቆይበት። የምንጠቀመው ሆር ራሱ የነደፈውን፣ ከሁለቱም ጫፍ የሚነሳውን ክፍፍል ነው።

ግራ = መነሻ
ቀኝ = መድረሻ - 1
ሳይቋረጥ፦
    ግራን በ1 ጨምር፤ ሀ[ግራ] < ፒቮት እስከሆነ ድረስ ይህንኑ ድገም
    ቀኝን በ1 ቀንስ፤ ሀ[ቀኝ] > ፒቮት እስከሆነ ድረስ ይህንኑ ድገም
    ግራ >= ቀኝ ከሆነ ከሉፑ ውጣ
    ሀ[ግራ] እና ሀ[ቀኝ]ን አቀያይር
ግራን መልስ

በሁለቱ የውስጥ ሉፖች ውስጥ «ወሰኑን አልፌያለሁ ወይ» ብሎ የሚጠይቅ መስመር የለም። የፈንክሽኑ ፍጥነት በአብዛኛው ከዚህ የመጣ ነው፤ አደገኛነቱም እንዲሁ። ያለ ጥያቄ መሄድ የተፈቀደልን በደረጃ 3 ባስቀመጥናቸው ዘቦች ምክንያት ነው። ግራ ወደ ቀኝ ቢሮጥ ቢሮጥ መጨረሻው አባል ላይ ሲደርስ ከፒቮቱ የማያንስ ዋጋ ያገኛልና ይቆማል፤ ቀኝም ወደ ግራ ሲሮጥ መነሻው ላይ ከፒቮቱ የማይበልጥ ዋጋ ያገኛልና ይቆማል። በመሆኑም ቀኝ ከ0 በታች ወርዶ ያን ግዙፍ ቁጥር ሊሆን አይችልም።

በምሳሌ እንየው። 7 2 9 4 5 8 1 6 3 የሚሉ ዘጠኝ ቁጥሮች አሉን እንበል። የመጀመሪያው 7፣ የመካከሉ 5፣ የመጨረሻው 3 ስለሆኑ ሲስተካከሉ አሬዩ 3 2 9 4 5 8 1 6 7 ይሆናል፤ ፒቮቱም 5 ነው። ግራ 2ን አልፎ 9 ላይ ይቆማል፤ ቀኝ 6ን አልፎ 1 ላይ ይቆማል፤ ሁለቱ ይቀያየሩና 3 2 1 4 5 8 9 6 7 እናገኛለን። በሁለተኛው ዙር ግራ 4ን አልፎ 5 ላይ፣ ቀኝም 8ን አልፎ እዚያው 5 ላይ ይቆማሉ፤ ተገናኝተዋልና ሉፑ ያበቃል። የተመለሰው ቁጥር 4 ነው፤ በግራ 3 2 1 4፣ በቀኝ 5 8 9 6 7 ቀርተዋል።

ግራ ቢያንስ አንድ ጊዜ ስለሚጨምር ከመነሻ ይበልጣል፤ መጨረሻው አባል ስለሚያቆመው ደግሞ ከመድረሻ ያንሳል። ስለዚህ ሁለቱም ክፍሎች ቢያንስ አንድ አንድ አባል ይኖራቸዋል፤ እያንዳንዱ ዙር ሥራውን ያሳንሰዋል፤ ማብቂያ የሌለው ድግግሞሽ አይፈጠርም። ይህ ሁሉ የሚሠራው ክፍሉ ቢያንስ ሁለት አባላት ሲኖሩት ነው። አንድ አባል ብቻ ቢኖረው የመጀመሪያው ጭማሪ ራሱ ከአሬዩ ያስወጣናል።

ብዙዎች «ከፒቮቱ ጋር እኩል የሆነውን ለምን እናቆማለን፣ ለምንስ እናቀያይራለን» ብለው < የሚለውን ወደ <= ይለውጡታል። ይህ ከባድ ስሕተት ነው። በአንድ በኩል ዘቦቹ ከፒቮቱ ጋር እኩል ሲሆኑ መቆሚያነታቸውን ያጣሉ፤ ሁሉም አባላት እኩል በሆኑበት አሬይ ላይ ግራ ሳይቆም ከወሰኑ ይወጣል። በሌላ በኩል የወሰን ጥያቄ ጨምረው ቢያድኑት እንኳ እኩል የሆኑት ሁሉ በአንድ ወገን ስለሚከማቹ ሥራው ወደ ካሬ ዕድገት ይመለሳል። እኩል በሆኑት ላይ መቆም አላስፈላጊ መቀያየር ቢያስከትልም ክፍፍሉን መሐል ለመሐል ያደርገዋል፤ ዋጋውም የሚከፈልለት ነው።

ደረጃ 5፦ ስታኩን መጠበቅ

ሁለቱን ክፍሎች በሪከርሽን፣ ማለትም ፈንክሽኑ ራሱን እየጠራ፣ መደርደር የተለመደው መንገድ ነው። ሆኖም እያንዳንዱ ጥሪ ከስታክ (ለፈንክሽን ጥሪዎች ከተመደበው ሜሞሪ) ላይ ቦታ ይወስዳል፤ የስታክ መጠን ደግሞ ውሱን ነው፤ በሊኑክስ ላይ ብዙ ጊዜ 8 ሜጋባይት፣ በዊንዶውስ ላይ ካልተለወጠ በቀር 1 ሜጋባይት ነው። መፍትሔው ለትንሹ ክፍል ብቻ ሪከርሽን መጠቀምና ትልቁን በዚያው ሉፕ መቀጠል ነው። ትንሹ ክፍል ከግማሽ ስለማይበልጥ የጥሪዎቹ ጥልቀት ከአባላቱ ብዛት ባለ 2 መሠረት ሎጋሪዝም አያልፍም፤ ለአንድ ቢሊዮን አባላት እንኳ 30 ያህል ነው።

ደርድር(ሀ, መነሻ, መድረሻ, ጥልቀት)፦
    መድረሻ - መነሻ > 16 እስከሆነ ድረስ፦
        ጥልቀት == 0 ከሆነ፦ ሂፕሶርትን ጥራና ተመለስ
        ጥልቀት = ጥልቀት - 1
        ሦስቱን አስተካክል፤ ፒቮቱን ቅዳ
        መክፈያ = የክፍፍሉ ውጤት
        መክፈያ - መነሻ < መድረሻ - መክፈያ ከሆነ፦
            ደርድር(ሀ, መነሻ, መክፈያ, ጥልቀት)
            መነሻ = መክፈያ
        ካልሆነ፦
            ደርድር(ሀ, መክፈያ, መድረሻ, ጥልቀት)
            መድረሻ = መክፈያ
    ኢንሰርሽን(ሀ, መነሻ, መድረሻ)

«ጥልቀት» ምን እንደሆነ በደረጃ 6 እናየዋለን። 16 የሚለው ቁጥር ጥሩ መነሻ ነው፤ የጂኤንዩ የሲ++ ላይብረሪም ይህንኑ ይጠቀማል። በእርስዎ ማሽን ላይ 12 ወይም 24 ሊሻል ስለሚችል በልኬት ይወስኑት።

ደረጃ 6፦ መውጫው፣ ሂፕሶርት

የሦስት መሐለኛ መምረጥ ክፉውን ሁኔታ ብርቅ ያደርገዋል እንጂ አያስቀረውም። ዳግላስ ማክኢልሮይ በ1999 እንዳሳየው፣ ኩዊክሶርት የሚጠይቃቸውን ንጽጽሮች እየተከታተለ ሆን ብሎ ወደ ካሬ ሥራ የሚነዳውን ዳታ የሚያዘጋጅ ፕሮግራም መጻፍ ይቻላል። ፈንክሽንዎ ከማያውቁት ሰው የመጣ ዳታ የሚቀበል ከሆነ ይህ የደኅንነት ጉዳይ ነው። ስለዚህ «ጥልቀት» የሚለውን ቆጣሪ አስገብተናል፤ መነሻ ዋጋው የአባላቱ ብዛት 1 እስኪሆን ድረስ ስንት ጊዜ ለሁለት እንደሚከፈል ተቆጥሮ በ2 የተባዛው ነው። ለአንድ ሚሊዮን አባላት 38 ይሆናል። ቆጣሪው ካለቀ ክፍፍሉ ጠሟል ማለት ነውና የቀረውን ክፍል ለሂፕሶርት እናስረክባለን። ሂፕሶርት፣ ጄ. ደብሊው. ጄ. ዊልያምስ በ1964 ያቀረበው፣ በአማካይ ከኩዊክሶርት ይዘገያል፤ በክፉ ቀን ግን አይጠምም።

ኢንዴክሶቹ ከ0 እንዲነሱ «መሠረት» የተባለ ጠቋሚ (የሜሞሪ አድራሻ የሚይዝ ተለዋዋጭ) በሀ + መነሻ ላይ እናቆማለን። ሂፕ ማለት እያንዳንዱ አባል ከ«ልጆቹ» የማያንስበት አሰላለፍ ነው፤ ኢንዴክሱ ወ የሆነው አባል ልጆች 2*ወ + 1 እና 2*ወ + 2 ላይ ይገኛሉ።

አውርድ(መሠረት, ወ, ብዛት)፦
    የተያዘ = መሠረት[ወ]
    2*ወ + 1 < ብዛት እስከሆነ ድረስ፦
        ልጅ = 2*ወ + 1
        (ልጅ + 1 < ብዛት) እና (መሠረት[ልጅ] < መሠረት[ልጅ + 1]) ከሆነ፦ ልጅ = ልጅ + 1
        መሠረት[ልጅ] <= የተያዘ ከሆነ፦ ከሉፑ ውጣ
        መሠረት[ወ] = መሠረት[ልጅ]
        ወ = ልጅ
    መሠረት[ወ] = የተያዘ

ሂፑን ለመገንባት ከብዛት / 2 - 1 ጀምሮ ወደ 0 እየወረድን «አውርድ»ን እንጠራለን። እዚህ ላይ ነው ቀደም ሲል ያስጠነቀቅኩበት ወጥመድ ያለው፤ «ወ >= 0 እስከሆነ ድረስ» ብለው ቢጽፉ ሳይዝ-ቲ ምንጊዜም ከ0 ስለማያንስ ሉፑ አያበቃም፣ ወ ከ0 በታች «ሲወርድ»ም ከአሬዩ እጅግ የራቀ ቦታ ያነብባል። ወ = ብዛት / 2 ብለው ይጀምሩ፤ ወ > 0 እስከሆነ ድረስ በመጀመሪያ 1 ይቀንሱ፣ ከዚያ «አውርድ»ን ይጥሩ። ሂፑ ከተሠራ በኋላ ትልቁ አባል 0 ላይ ይገኛል፤ ከመጨረሻው ጋር ያቀያይሩት፣ ብዛቱን በ1 ይቀንሱ፣ የ0ውን አባል ያውርዱ፤ አንድ አባል እስኪቀር ይህን ይድገሙ። 2*ወ + 1 ከሳይዝ-ቲ አቅም ያልፍ ይሆን ለሚል አንባቢ፣ እያንዳንዱ አባል 4 ባይት ስለሚይዝ በሜሞሪ ላይ ሊኖሩ የሚችሉት አባላት ከሳይዝ-ቲ ከፍተኛ ዋጋ ሩብ አይበልጡም፤ እጥፉም አያልፍም።

ደረጃ 7፦ መፈተሽ

ፈተናው አሬዩ መደርደሩን ብቻ ከጠየቀ ጎዶሎ ነው። ሁሉንም አባላት 0 የሚያደርግ የተሳሳተ ፈንክሽንም ያንን ፈተና ያልፋል። ከመደርደሩ በፊት ቅጂ ይያዙ፤ ቅጂውን በኢንሰርሽን ሶርት ደርድረው ሁለቱን አባል በአባል ያነጻጽሩ።

ከ0 እስከ 8 አባላት ያሏቸውን አሰላለፎች ሁሉ መሞከር ይቻላል፤ ስምንት የተለያዩ ቁጥሮች 40,320 አሰላለፎች ብቻ ናቸው። ነገር ግን አንድ ጥንቃቄ ያስፈልጋል፤ ከ16 የማይበልጥ ክፍል በቀጥታ ወደ ኢንሰርሽን ስለሚሄድ ይህ ፈተና ክፍፍሉን ፈጽሞ ሳይነካው «ሁሉም ትክክል» ሊል ይችላል። ስለዚህ 16 የሚለውን በስም የሚጠራ ቋሚ አድርገው በፈተና ጊዜ ወደ 3 ያውርዱት፤ ክፍፍሉ ሁሉንም አሰላለፍ ያያል። በተመሳሳይ መንገድ የጥልቀቱን መነሻ 0 አድርገው አንድ ጊዜ፣ 1 አድርገው ሌላ ጊዜ ያሂዱ፤ አለዚያ ሂፕሶርቱ በፈተና ላይ አንድም ጊዜ ላይጠራ ይችላል። ከዚያ በትልልቅ አሬዮች ላይ የተደረደረ፣ ተገልብጦ የተደረደረ፣ ሁሉም እኩል የሆነ፣ ሁለት ዋጋዎች ብቻ ያሉት፣ እስከ መካከሉ ወጥቶ የሚወርድ ዳታ ይስጡት።

ይህን ሁሉ አድረስ ሳኒታይዘርን፣ ማለትም የሜሞሪ ስሕተት መያዣ መሣሪያን፣ አብርተው ያካሂዱ። ይህ መሣሪያ በጂሲሲም በሌላው ኮምፓይለር በክላንግም ውስጥ ስላለ የሚያስፈልገው በኮምፓይል ጊዜ አንድ ምርጫ መጨመር ብቻ ነው፤ ከወሰን የወጣውን የመጀመሪያ ንባብ ያሳይዎታል። የሚፈተነውን አሬይ ልክ በሚያስፈልገው መጠን በማሎክ (ሜሞሪ በሚመድበው የሲ ፈንክሽን) ይውሰዱት፤ ትርፍ ቦታ ካለው ስሕተቱ በትርፉ ውስጥ ይደበቃል።

ደረጃ 8፦ መለካት

ሰዓት ሲይዙ የኮምፓይለሩን ማሻሻያ ቢያንስ በኦ2 ደረጃ ያብሩ፣ ሳኒታይዘሩን ያጥፉ፣ በእያንዳንዱ ዙርም ያልተደረደረውን ዳታ እንደገና ይቅዱ። በሁለተኛው ዙር የሚለካው አስቀድሞ የተደረደረ አሬይ ከሆነ ቁጥሩ ያማረ ይሆናል፤ ትርጉም ግን የለውም። ውጤቱን በሆነ መንገድ ይጠቀሙበት፤ ማንም የማያነብበውን ሥራ ኮምፓይለሩ ሊያስወግደው ይችላል። የአባላቱን ብዛት እጥፍ ባደረጉ ቁጥር ጊዜው ከእጥፍ ጥቂት ብቻ መብለጥ አለበት። ወደ አራት እጥፍ የሚሄድ ከሆነ በአንድ ቦታ ክፍፍሉ ጠሟል፤ ወደ ደረጃ 4 ተመልሰው የንጽጽር ምልክቶቹን ይመርምሩ።

በሲ ላይብረሪ ውስጥ ካለው ዝግጁ የመደርደሪያ ፈንክሽን ከኪውሶርት ጋር ቢያወዳድሩት የእርስዎ ፈንክሽን ብዙ ጊዜ ይቀድማል፤ ምክንያቱም ኪውሶርት እያንዳንዱን ንጽጽር በፈንክሽን ጠቋሚ በኩል ይጠራል፤ የእርስዎ ግን ዓይነቱን ስለሚያውቅ ንጽጽሩ አንድ የማሽን ትእዛዝ ነው። ፈንክሽኑን ለሌላ ዓይነት ሲያስፋፉ ግን ሁለት ነገሮችን ይጠንቀቁ። የንጽጽር ፈንክሽን ከጻፉ ሁለቱን ቁጥሮች ቀንሰው ልዩነቱን አይመልሱ፤ ከ2,000,000,000 ላይ -2,000,000,000 ቢቀነስ ውጤቱ በ32 ቢት አይያዝም፣ በሲ መስፈርትም ውጤቱ ያልተወሰነ ነው። ለአሥርዮሽ ቁጥሮች ሲያደርጉት ደግሞ «ቁጥር አይደለም» የሚባለው ዋጋ ከማንም አያንስም ከማንም አይበልጥም፤ እንዲህ ያሉትን አስቀድመው ወደ አሬዩ መጨረሻ ሰብስበው የቀሩትን ብቻ ይደርድሩ። ይህ ፈንክሽን እኩል የሆኑ አባላትን የቀድሞ ቅደም ተከተል አይጠብቅም፤ መዝገቦችን በአንድ መስክ ደርድረው ቀጥሎ በሌላ መስክ የሚደረድሩ ከሆነ ያንን ቅደም ተከተል የሚጠብቀውን መርጅሶርትን ይምረጡ፣ ለእርሱም ተጨማሪ ሜሞሪ ይመድቡ።